ወደ ላይ ሳላይ የለካሁት መሬት

ዕድሜዬ ከስልሳ አልፏል፤ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቦንጋ ውስጥ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ጂኦግራፊ ለመማር ተመዘገብኩ። የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ዓይኔ ስለደከመ የፊት ወንበር ይይዙልኛል። በባጃጅ አብረን ስንመለስ «እትዬ ጽጌ፣ የቤት ሥራውን ሠሩት?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሁልጊዜም ሠርቼው እገኛለሁ፤ እነሱም ሁልጊዜ ከእኔ ይገለብጣሉ።

በቅርቡ መምህራችን አንድ ሥራ ሰጡን። የምናውቀውን አንድ ወረዳ መርጠን መልክዓ ምድሩን፣ ሕዝቡንና የእርሻ ኢኮኖሚውን እንድንገልጽ ነው። «ከመጽሐፍ አትገልብጡ፤ በእግራችሁ የረገጣችሁትን ጻፉ» አሉ። እኔ የሥራ ዘመኔን በሙሉ መሬት ስለካ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በእግር የረገጡትን መጻፍ አይከብደኝም ብዬ ደስ አለኝ። የመጨረሻ የሥራ ዓመታቴን ያሳለፍኩበትን ጌሻን መረጥኩ።

የመጀመሪያው ገጽ በቀላሉ ተጻፈ። ጌሻ አገሩ ተራራማ ነው፤ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ እስከ ወረዳው ዋና ከተማ እስከ ደካ ይወጣል። በላይኛው ደጋ ገብስና ባቄላ ይዘራል። ዝቅ ሲባል በየቤቱ ጓሮ እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ በቆሎና ጤፍ፣ በየሸለቆው ደግሞ ቡናና ኮረሪማ። ከሁሉም በላይ ጫካው አለ፤ በጫካው ውስጥ ደግሞ ማር። እዚህ ላይ ስደርስ መቀጠል አቃተኝ። ስለ ጌሻ ማር ስጽፍ የአንድ ሽማግሌ ዛፍ ፊቴ ይደቀናል፤ ያ ዛፍ በእኔ ጥፋት ሊቆረጥ ነበር። እሱን ሳልናገር የወረዳውን ኢኮኖሚ ብገልጽ የተማርኩትን ነገር መደበቅ ይሆንብኛል። ጽሑፌ ከተጠየቀው በላይ ከረዘመ መምህሬ ይቅር ይበሉኝ።

ሥራ የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ነው። ቦንጋ ውስጥ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ስለዚያ ዘመን ሌላ የምለው የለኝም። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተረፈ የሚባሉት የመሬት ለኪ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ወደ ክፍሌ ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ካፊኖኖ ትችያለሽ አይደል?»

«እችላለሁ፤ የእናቴ ቋንቋ ነው።»

«ቦቲ ጫማ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ተበደሪ። ሰኞ ማንኪራ ቀበሌ እንሄዳለን።»

ጋሽ ተረፈ አያቶቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ቦንጋ የተወለዱ ሰው ነበሩ። ካፊኖኖ ይናገራሉ፤ ሲናገሩ ግን ገበሬዎቹ በአክብሮት አቀርቅረው ይስቃሉ። እኔን የፈለጉኝ ግን ለአስተርጓሚነት አልነበረም። በመንገድ ላይ ነገሩኝ። «እንሰቱን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። እኔ ግን የምጽፈው ባሎቻቸው የነገሩኝን ነው። አንቺ ወደ ጓሮ ግቢና ጠይቂልኝ፤ እኔ ስገባ ሁሉም ዝም ይላሉ።»

እውነታቸውን ነበር። በመጀመሪያው ቤት አባወራው «ሁለት መቶ እንሰት አለን» ሲል ሚስቱ ከጓሮ ሳቀችበት። «ሁለት መቶ የሚለው ባለፈው ዓመት ያየውን ነው» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ ወደ ጓሮ ገብቶ አያውቅም። የደረሰውን ነው የምትጠይቂኝ ወይስ ችግኙንም?» ከዚያ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች፣ የትኛው ለቆጮ እንደሚሻል፣ የትኛው ቡላው ነጭ እንደሚሆን፣ የትኛው ለታመመ ሰው እንደሚሰጥ እያሳየች ዞረችኝ። ከጓሮው ስወጣ ማስታወሻዬ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ተረፈ ገጹን አገላብጠው አዩና «ይኸው፤ የጽሕፈት መኪናው ካንቺ ተላቀቀ» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጽሕፈት መኪናው አልተመለስኩም።

የልኬትን ሥራ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ማንኪራ ውስጥ የቡናው ማሳ አጥር የለውም፤ ቡናው ከጫካው ዛፍ ሥር ራሱን ችሎ የበቀለ ነው፤ ድንበሩ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ግንድ፣ ወይም ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይሆናል። በተዳፋት ላይ ሜትሩን እንደ መሬቱ አዘቅዝቄ ስዘረጋ «አግድም ያዢው!» ብለው ይጮኹብኛል። መሬቱ ቢያዘቀዝቅም ሜትሩ ማዘቅዘቅ የለበትም፤ አለበለዚያ ማሳው ከእውነተኛው ልኩ ሰፍቶ ይጻፋል። ገደላማ ቦታ ላይ ሜትሩን አሳጥረን፣ እንደ ደረጃ እየቆራረጥን፣ ከጫፉ ላይ በክር የታሰረ ድንጋይ እያንጠለጠልን እንለካለን። በገመድ በምንለካበት ጊዜ ደግሞ ገመዱን በየማለዳው ከብረቱ ሜትር ጋር ያስተያዩታል፤ ዝናብ የመታው ገመድ ያጥራልና። በመስክ ላይ በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ ዝናብ ያጠፋዋል። እርሳሳቸውን በምላጭ በሁለቱም ጫፍ ይቀርጹታል። ልኬቱ ሳያልቅ ከማንም ቤት እህል አይቀምሱም። ሴቶቹ «ኧረ ጋሽዬ፣ ትንሽ ቅመሱ» ሲሏቸው «ቆጮ ከበላሁ በኋላ ሜትሬ ይለጠጣል» እያሉ ያስቋቸዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ከማንም በላይ ይበላሉ።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ልማድ ሌላ ነው። በዚያው በማንኪራ የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ፣ ችካሉን ልተክል ስጎነበስ አስቆሙኝ።

«ቁሚ። ምን አየሽ?»

«ማሳ።»

«ሌላስ?»

«ቡና… ኮረሪማ።»

«አንገትሽ ወደ ታች ብቻ ነው የሚታጠፈው?»

ቀና አልኩ። ከቡናው በላይ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ፣ በቅጠልና በልጥ የተጠቀለሉ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመው ነበር። ባለማሳውን «የማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሁለቱ የኔ ናቸው። ያ የአማቴ ነው። ያኛው የጎረቤቴ ነው፤ አባቱም እዚያው ነበር የሚሰቅለው» አለኝ። ጋሽ ተረፈ ወደ እኔ ዞረው «አየሽ፣ በአንድ መሬት ላይ ሦስት ሰው አገኘን» አሉ። መስመር ከማስመራቸው በፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ላይ ያያሉ፤ ከዚያ «እዚህ ውስጥ የሌላ ሰው ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህንን ጥያቄ ለባለመሬቱ፣ ለጎረቤቱና ለባለመሬቱ ሚስት ለየብቻ ይጠይቁታል። ሦስቱ መልሶች አንድ ካልሆኑ እርሳሱን ወደ ኪሳቸው ይመልሱታል።

ከእሳቸው ጋር ብዙ ዓመት ሠራሁ። አለቆች ተለዋወጡ። አንዱ ካርታ የሚወድ ግን ጭቃ የሚፈራ ነበር፤ ከመኪና ሳይወርድ «እዚያ ጋ ያለው ምንድን ነው?» ይለናል። አንዷ ደግሞ በጣም ጥሩ ሴት ነበረች፤ ቦቲያችንን ራሷ እየለካች ታስገዛልን ነበር። ጋሽ ተረፈ ጡረታ ወጡ፤ ትንሽ ቆይተውም ዐረፉ። እኔ ለኪ ሆኜ ወረዳ ለወረዳ ተዘዋወርኩ፤ በመጨረሻም ለገበሬዎች የይዞታ ደብተርና ካርታ የሚያዘጋጅ የልኬት ቡድን ውስጥ ገብቼ ወደ ጌሻ ሄድኩ።

በዚያን ጊዜ ሥራው ተለውጧል። ገመድም ሜትርም የለም። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ታትሞ ይሰጠናል፤ ከገበሬዎቹና ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጋር ድንበሩን በእግር እየዞርን ፎቶው ላይ እናሰምራለን። በእውነቱ ጥሩ ሥራ ነው፤ ስንት የድንበር ጠብ አብርዷል። ነገር ግን ከሰማይ ሲታይ ትልቅ ዛፍ አረንጓዴ ክብ ነው። ቀፎው ከቅጠሉ ሥር ነው።

ከደካ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ውስጥ ነው ነገሩ የደረሰው፤ የቀበሌውን ስም ባልጠቅስ ይሻላል። የዕለቱ የማሳ ቁጥር ገና አልሞላም ነበር፤ ደመናው ደግሞ ወደ እኛ እየወረደ ነው። የደረስንበት ማሳ በላይነህ የሚባል የሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው ይዞታ ነው። በላይነህ ከልጅነቱ ጀምሮ ጅማ አጎቱ ዘንድ ያደገ ሲሆን፣ አባቱ ሲሞቱ መሬቱን ሊያርስ የተመለሰ ሰው ነው። አዋሳኞቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። ከመካከላቸው ጋሽ ቆጭቶ የሚባሉ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆመው ነበር።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር «በዚህ ድንበር ላይ ቅሬታ ያለው አለ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም» አሉ ሁሉም።

ጋሽ ቆጭቶም «የለም» አሉ። ድንበሩ ትክክል ነበርና።

እኔም አሰመርኩ። ማሳው መካከል ላይ ነጭ ማር የሚሰጠው ጌተም የሚባለው ዛፍ ቆሞ ነበር፤ ግንዱን አልፌው ሄጃለሁ፤ በእጄም ደገፍ ብዬበት ነበር ይመስለኛል። ቀና ብዬ ግን አላየሁም። ከቅርንጫፎቹ ላይ ሰባት ቀፎ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደሚቀጥለው ማሳ ሮጥኩ። ዝርዝሩ ቀበሌው ላይ ተለጥፎ ለሕዝብ ዕይታ በቆየበት ጊዜም ቅሬታ ያቀረበ ሰው አልነበረም። ጋሽ ቆጭቶ የራሳቸውን ማሳ ስም አስነብበው ትክክል መሆኑን አረጋግጠው ሄደዋል።

ደብተሮቹ ከታደሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሽ ቆጭቶ ደካ ድረስ በእግራቸው መጡ። ከቢሮው ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሻይ ላዝዝላቸው ብል አልፈለጉም።

«ልጄ፣ የኔ ዛፍ በየትኛው ወረቀት ላይ ነው ያለው?» አሉኝ።

«የትኛው ዛፍ፣ ጋሽ ቆጭቶ?»

«ጌተሙ ነዋ። ቀፎዬ ያለበት። ያ ልጅ ‹ካርታዬ ውስጥ ነው፤ ቀፎዎን ያውርዱ› አለኝ። እኔም ወረቀቱ የአፈር ነው፣ ዛፉ ሌላ ወረቀት ይኖረዋል አልኩት። እሱን ስጪኝና ላሳየው።»

ሌላ ወረቀት አልነበረም። ገብቼ ፋይሉን አወጣሁ። ከቅጹ ግርጌ «ምርመራ» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብጽፍ ኖሮ ይበቃ ነበር። ባዶ ነው። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ።

ያ ዛፍ ለጋሽ ቆጭቶ ምን እንደሆነ በደንብ ልግለጽ፤ የወረዳው ኢኮኖሚ የምለውም ይህንኑ ነው። የእሳቸው ማሳ ጠባብ ነው፤ እንሰቱ ቤተሰቡን ያበላል፤ በቆሎው በዓመት አንዴ ነው። ልብስ፣ ጨው፣ የልጅ ልጆች ደብተርና መድኃኒት የሚመጣው ከማሩ ነው። ዛፉ ላይ ቀፎ የሰቀሉት አያታቸው ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ አባታቸው፤ ከዚያ እሳቸው። መሬቱ በማንም እጅ ይሁን፣ ዛፉ ላይ የሚወጣው የእሳቸው ቤተሰብ እንደሆነ አገሩ በሙሉ ያውቃል። የጻፈው ሰው ግን የለም።

ለቡድናችን አስተባባሪ ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ ሥራው የበዛበት ወጣት ነበር።

«እትዬ ጽጌ፣ ሲስተሙ የሚያውቀው ፓርሴል፣ ቁጥር የተሰጠውን ማሳ ነው፤ ዛፍ አያውቅም» አለኝ። «የቅሬታውም ጊዜ አልፏል።»

«የልኬቱ ስሕተት የኔ ነው ብዬ ብጽፍስ?»

«እንደዚያ ከጻፉ ማስተካከያ ይሠራለታል፤ እርስዎ ላይ ግን ዲሲፕሊን ይመጣል። ጡረታዎ ደግሞ ደርሷል። እስቲ ያስቡበት።»

አሰብኩበት። ጥፋቴ የምለው ይህንን ማሰቤን ነው። ቀና ብዬ ሳላይ መለካቴ በደቂቃዎች የተፈጸመ ስሕተት ነበር፤ ማሰቡ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ። ደብዳቤውን ጽፌ ቀደድኩት፤ እንደገና ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያን ሁሉ ዓመት አንድም የጥፋት ወረቀት ማኅደሬ ውስጥ እንደሌለ እያሰብኩ ራሴን አባበልኩ። ምናልባት ሰዎቹ ራሳቸው ይስማማሉ አልኩ። ጋሽ ቆጭቶ መጥተው ሲጠይቁኝ «እየታየ ነው» ብዬ መለስኳቸው። «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ሄዱ። አላመኑኝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ አመኑኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ የቢሮው በር በእግር ተገፍቶ ተከፈተ። ጋሽ ቆጭቶ በትከሻቸው የተሸከሙትን ነገር ጠረጴዛዬ ፊት መሬት ላይ አኖሩት። ለሁለት የተሰነጠቀ ቀፎ ነው። የደረቀ ሰፈፍ ተጣብቆበታል፤ የሞቱ ንቦችም አሉበት።

«ልጁ ሰው አምጥቶ ሦስቱን አስወረወራቸው» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ንቦቹ ሄደዋል። ሰኞ ደግሞ መጋዝ ያላቸው ሰዎች ቀጥሯል፤ ዛፉን ሊጥሉት ነው። እንግዲህ ልጄ፣ ይህንንም መዝግቢው።»

ከመሳቢያዬ ደብዳቤውን አውጥቼ ፊት ለፊታቸው ፈረምኩበት፤ ለአስተባባሪው ሰጠሁት። እሱም አነበበው፤ ቀፎውን አየው፤ «ይሂዱ፤ የማስተካከያ ቅጹን ይዘው ይሂዱ» አለኝ። በማግስቱ እሑድ ነበር። ሰኞ ማለዳ ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከመጋዞቹም ቀድሜ ቀበሌው ደረስኩ።

ሊቀ መንበሩና ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። በላይነህ የይዞታ ደብተሩን በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ፣ ክንዱን አጣጥፎ ከሰዎቹ ፈንጠር ብሎ ቆመ። መጋዝ የያዙት ሁለት ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔ ተነሥቼ በካፊኖኖ ተናገርኩ። መሬቱን የለካሁት እኔ ነኝ፤ ወደ ላይ አላየሁም፤ የሌላ ሰው ምን አለበት ብዬ አልጠየቅኩም፤ ጋሽ ቆጭቶ ከነገሩኝ በኋላም ሦስት ሳምንት ዘግይቻለሁ፤ ሦስቱ ቀፎ የተሰበረው በእኔ ነው አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛስ? ሁላችንም እዚህ ቆመን ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ።

«ምን ብለን እንንገርሽ? የቆጭቶ ዛፍ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ?»

«እኔ» አለ በላይነህ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«እኔ አላውቅም ነበር። በሰባት ዓመቴ ነው ከዚህ የሄድኩት። ስመለስ አባቴ አፈር ውስጥ ነው፤ ኋላ በእጄ የገባው አንድ ደብተር ነው። ደብተሩ ላይ ያለውን ነው የማውቀው። እናንተ ግን ከኋላዬ ‹የሰው ዛፍ ነጠቀ› ትላላችሁ። ፊት ለፊቴ መጥቶ ‹ነገሩ እንደዚህ ነው› ያለኝ ማን ነው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ቆጭቶ ነግሮህ የለ?» ሲሉት፣ «‹የኔ ነው› አሉኝ እንጂ ለምን የሳቸው እንደሆነ አልነገሩኝም» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛፉን ብለቅ ነገ መሬቱን ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቻለሁ» አለ።

ይህንን ፍርሃቱን ሳይ እኔም የሚጻፈው ነገር ምን መሆን እንዳለበት ገባኝ። ዓረፍተ ነገሩን እዚያው በእርሳስ አርቅቄ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ «መሬቱ የአቶ በላይነህ ነው። በዚህ መሬት ላይ ባለው ጌተም ዛፍ ቀፎ የመስቀልና ማር የማውረድ መብት የአቶ ቆጭቶና የቤተሰባቸው ነው። አቶ ቆጭቶ በመሬቱ ላይ ሌላ መብት የላቸውም።» ጋሽ ቆጭቶ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ «እሱ ይጻፍለት፤ በደንብ አድርገሽ ጻፊለት» አሉ። በላይነህ ሁለት ጊዜ አስደገመኝና ፈረመ። ጋሽ ቆጭቶ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አኖሩበት። መጋዝ የያዙት ሰዎች ሽማግሌዎቹን ሰላም ብለው ሄዱ።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ማኅደሬ ውስጥ አለ፤ ተገቢም ነው። ከዚያ በኋላ በቀሩኝ ጊዜያት በየማሳው የምርመራው ቦታ ባዶ እንዳይቀር አደረግኩ። የሌላ ሰው ነገር ከሌለ «ተጠይቆ የለም» ብዬ እጽፋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ኋላ ግን እነሱም መጻፍ ጀመሩ። በተሰበሩት ቀፎዎች ውስጥ ስለነበሩት ንቦች ግን ማድረግ የምችለው ምንም አልነበረም። ጋሽ ቆጭቶ በዚያ ዓመት ያገኙት ማር ከቀሩት ከአራቱ ብቻ ነው፤ የልጅ ልጃቸውም ትምህርት ያቋረጠችው በዚያ ዓመት ነው። በዓመቱ ተመልሳ ገብታለች፤ ያ አንድ ዓመት ግን የእሷ ነበር፤ እኔ ልመልስላት አልችልም።

ጌተሙ ከማበቡ በፊት፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ጋሽ ቆጭቶ አዲሶቹን ቀፎዎች ሲሰቅሉ ለማየት ሄድኩ። ከግንድ የፈለፈሏቸውን ሦስት ቀፎዎች በቅጠል ጠቅልለው፣ በልጥ አስረው፣ ከዛፉ ሥር ደርድረዋቸዋል። ረጅም ገመድ በወገባቸው ላይ ጠምጥመዋል።

«በዚህ ዕድሜዎ ዛፍ ሊወጡ ነው?» አልኳቸው።

«ዛፉ ከኔ ይበልጣል። እሱ ቆሞ የለ?»

«ገመዱን ከታች ማን ይይዝልዎታል?»

«የሚይዝልኝ ሰውማ ሞቷል» አሉና ግንዱን ተያያዙት። እኔ ልይዝ ብል የቀፎውን ክብደት በዓይናቸው ለክተው፣ ከዚያ እኔን ለክተው፣ ሳቁብኝ። «አንቺ እርሳስሽን ያዢ።»

ከላይኛው ቅርንጫፍ ደርሰው ገመዱን አሻግረው ጫፉን ወደ ታች ለቀቁት። ቀፎውን አሰርኩት፤ መሳብ ግን አልቻልኩም። ከመሬት አንድ ክንድ ብድግ ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። በላይነህ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ሆኖ ያየን ነበር። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቁልቁል መጣ፤ ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ገመዱን ከእጄ ወሰደ።

ጋሽ ቆጭቶ ከላይ ጮኹ። «ቀስ! እንደ በሬ አትጎትተው! በግራ እጅህ ጠምጥመህ፣ በቀኝህ ሳብ። አባትህ እንደዚያ ነበር የሚይዘው።»

በላይነህ ገመዱን እንደያዘ ቀና አለ። «አባቴ?»

«ታዲያ ማን መሰለህ? ያን ሁሉ ዓመት እኔ ላይ ነኝ፣ እሱ ታች ነው። ማሩ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀምሰው ገመድ ያዡ ነበር። ከዚህ ዛፍ ማር ሳይገባ ያለፈ ዓመት በእናንተ ቤት አልነበረም። አንተም ትበላ ነበር፤ ፊትህን ሁሉ እየተቀባህ።»

በላይነህ መሳቡን ተወ። ቀፎው በመሬትና በቅርንጫፉ መካከል ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይዞራል።

«ይህንን ማንም አልነገረኝም» አለ።

የጋሽ ቆጭቶ ፊት በቅጠሎቹ መካከል አይታየኝም፤ ቅርንጫፉን የያዘው እጃቸው ብቻ ይታየኛል።

«ልክ ነህ፤ መንገር ነበረብኝ» አሉ። «አሁን ነገርኩህ። ሳብ።»

በላይነህ ገመዱን በግራ እጁ ጠመጠመና ሳበ።